የባሌ ጠላት

«ምቺው! ተናግሮ ሳይጨርስ ምቺው!» ትለኛለች ልጄ።

አልመታውም። ሰውዬው እያወራ ነው። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከስክሪኑ ውስጥ ቁልቁል ያየኛል። ግራ ጉንጩ እስከ ጆሮው ድረስ ተቃጥሏል። የሚናገረው ከሥር ይጻፋል፦ «ደግሞ መጣህ? ባለፈው እሳት ውስጥ ጥለኸኝ ስትሄድ ያለቀልኝ መስሎህ ነበር፣ አይደል?»

እሳት ውስጥ የጣለው ባሌ ነው። እኔ ጆይስቲክ ስይዝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ ቅዳሜን ግማሽ ቀን ሠርታ መጥታ፣ የባንክ ደንብ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጌሙ ከአንድ ታዋቂ ፊልም የተሠራ ነው፤ የፊልሙን ታሪክ ግን ማንም አይከተለውም ትላለች። አገሩ ሰፊ ነው፣ እንደ ልብ ይዞሩበታል። ጠላቶቹ ደግሞ አይረሱም። የተዋጋሽው ጠላት ካልሞተ ጠባሳውን ይዞ ይመለስና ያደረግሽውን ሁሉ ያነሳብሻል። ካሸነፈሽ፣ ወይም ትተሽው ከሄድሽ፣ እንደ ድል ተቆጥሮለት ይሾማል።

«ይሄ እኮ ተራ ዘበኛ ነበር» ትለኛለች። «አለቃ ያደረገው አባዬ ነው፣ እየተሸነፈለት። ስሙንም ‹አማቼ› ነበር የሚለው። ‹አማች ሲናገር አይቋረጥም› ይልና አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ መጥረቢያው ያርፍበታል።»

ሳላስበው እስቃለሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት ባሌ ከዚህ ክፍል ብዙም አይወጣም ነበር። እኔ ሾርባውንና መድኃኒቱን ሳመላልስ ምን እንደሚያደርግ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ጌም ይጫወታል፣ በቃ። አማች እንዳለው ማን ነገረኝ?

ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን ጌም የከፈተው የለም። የሆነው ሁሉ እዚያው ይመዘገባል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

«ከገደልሽው አለቀ» ትላለች ልጄ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ ውስጥ አባዬን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ምቺው ምቺው ትይኛለሽ?»

«አሁን የቀረው አንድ ሹመት ነው፤ ተዋግቶ ካሸነፈሽ እሱን ያገኝና ሩቅ አገር ይሄዳል፤ አይመለስም። ሳትገድዪው አሸንፊው ነው የምልሽ። እማዬ፣ ጋሻ! ጋሻ!»

ጋሻው የትኛው ቁልፍ እንደሆነ አላውቅም። ጣቴ ያገኘውን ሁሉ እጫናለሁ። የኔ ሰው ንብ እንደነደፈው በቅሎ ይዘላል፣ ይንከባለላል፣ ግድግዳ ይገፋል። ልጄ እጇን ወደ ጆይስቲኩ ትሰዳለች።

«እጅሽን ሰብስቢ!»

«ሊጨርስሽ ነው እኮ!»

መጥረቢያው ጎንበስ ስል ያልፈኝና ከኋላዬ ያለው ግንድ ላይ ይሰካል። ሲነቅለው ደርሼ እመታዋለሁ። ጉልበቱን ነው ያገኘሁት። ይንበረከካል።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ ግደለው፣ ልቀቀው። ሰውዬው ቀና ብሎ ያየኛል። «እንደ ልማድህ ሂዳ» ይላል። «ስንት ጊዜ አንበረከክኸኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጨረስከኝም። ምን እየጠበቅክ ነው?»

ሁለቴ አነበዋለሁ። ልጄም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነበዋለች።

«ስንት ጊዜ?» ትላለች። «አባዬ እኮ አሸንፎት አያውቅም።»

«አንቺ ሥራ ስትሆኚስ?»

«ማታ ስገባ ‹ዛሬም አሸነፈኝ፤ ነገ አብረን እንሞክረዋለን› ነበር የሚለኝ።» ስክሪኑን ደግማ ታነባለች። «ሁልጊዜ ነገ።»

ሐኪሙ ብዙ ነገ እንዳልቀረው የነገረው ለእኔና ለእሱ ብቻ ነበር። እሷ ገና አልሰማችም ነበር።

አውራ ጣቴን አንቀሳቅሼ «ልቀቀው» የሚለውን እጫናለሁ። ሰውዬው ግንዱን ተደግፎ ይነሳል። መጥረቢያውን ያነሳል፣ ይተፋል፣ እያነከሰ ይሄዳል። ልጄ ትንፋሿን ትለቃለች።

«ጎሽ፣ አተረፍሽው። አሁን ይበቃል።»

እኔ ግን አልበቃኝም። «ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኔ እንጃ። ማንም ተከትሎት አያውቅም።»

«አይቻልም?»

ታየኛለች፤ ፈገግ ትላለች። «ሞክሪ እስቲ። ይቺን ተጭነሽ ያዢ፣ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው። ቀስ! እንዲህ እየሮጥሽማ የሞተም ይሰማሻል።»

ወንዙን እንሻገራለን። አንድ የፈረሰ ቅጥር እናልፋለን። እሱ ሲቆም እንቆማለን፣ ሲሄድ እንሄዳለን። ከኮረብታው ጀርባ ድንኳኖች አሉ፤ ልጄም አይታቸው አታውቅም። ሰዎቹ ሲያዩት ብድግ ይላሉ፣ መሐላቸው ቦታ ይለቁለታል። እኛ ከአንድ ጋሪ ኋላ እንደበቃለን።

«ምን ሆንክ?» ይለዋል አንዱ።

«መጥቶ ነበር» ይላል። «ዛሬም አሸነፍኩት።»

ሰዎቹ ይጮኻሉ፤ ጋሻቸውን ይደበድባሉ።

«ውሸታም!» ልጄ ጭኗን እየመታች ትስቃለች። «እማዬ፣ ሰምተሽዋል? አይኑን በጨው አጥቦ!» ትስቅና፣ መሐል ላይ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች።

እኔም ሰምቻለሁ። አባቷ ማታ ማታ ይነግራት የነበረው ወሬ ራሱ ነው።

ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ሰዎቹ ንገረን እያሉ ከበውታል። አንዱ ውሃ ያቀብለዋል። እሱ በአንድ እጁ ጽዋውን ይቀበላል፤ በሌላው ካባውን ስቦ የቆሰለውን ጉልበቱን ይሸፍናል።