ባዶው ጥግ

ጌድዮን በልጅነቱ ከበር ኋላ ሆኖ፣ አባቱ ጎረቤታቸውን «የሰው ዕቃ ከቦታው ስታነሳ…» እያሉ ሲገስጹ ሰምቶ ነበር፤ ቀሪውን ረስቶታል። ያ ድምፅ ትዝ ያለው አየር ጤና ሰፈር ባለው ቢሯቸው ነው፣ እትዬ አልማዜ የኮምፒውተራቸውን ስክሪን ባዶ ጥግ በማውዝ ደጋግመው ሲጫኑ ከኋላቸው ቆሞ ሲያይ። የኢሜይል መክፈቻዋ ምልክት እዚያ ጥግ ላይ ነበረች። አዲሱን ፕሮግራም በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ሲጭን፣ ስክሪኑ ይጽዳ ብሎ ምልክቷ እንዳትታይ ያደረጋት ራሱ ጌድዮን ነው። ለማንም አልተናገረም።

«ጌዲዬ፣ እኔው ሳላጠፋት አልቀርም» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሰኞ ወዲህ አንድ መልእክት አላየሁም። ለአለቃችን እንዳትነግርብኝ፤ አረጀች ብሎ ያሰናብተኛል።»

ማውዙን ተቀብሎ ምልክቷን መለሰላቸው። «ተባረክ! ጌታ ከክፉ ይጠብቅህ» ብለው እጁን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ፊቱ ጋለ።

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ አላጠፏትም። የደበቅኳት እኔ ነኝ።»

እጁን ለቀቁት። «አይ አንተ ልጅ! ስንት ቀን በራሴ አፈርኩ» አሉ። «በል፣ ለሌሎቹም ንገራቸው። እንደኔ አፍሮ ዝም ያለ አይጠፋም።»

ጌድዮን አንገቱን ደፋ። በየጠረጴዛው እየዞረ «እኔ ነኝ» ሊል ተስማማ።