የጫማ ሻጩ አውራ ጣት

ለአፍራሹ ግንብ መናድ እንጀራው ነው፤ ዓይኑን አያሽም። ዛሬ ግን የመሀል ከተማውን አሮጌ መደብር ሲንድ ጫማ ክፍሉ ጋ መዶሻውን አውርዶ ቆመ። ልጅ ሳለ ሽማግሌው ሻጭ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚሁ ፊቱ ተንበርክከው የአዲሱን ጫማ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ «ጣትህ የት ደረሰ፣ ልጄ?» ይሉት ነበር።

«አንተ፣ ምን ትቆዝማለህ? በለው እንጂ!» አለ አለቃው ከበሩ።

መዶሻውን ሲያነሳ ቀኝ ጫማውን የሆነ ነገር ጫን አደረገው። አጎንብሶ አየ፤ ማንም የለም። ቆዳው ግን በአውራ ጣት ልክ ሰርጉዷል። ደግሞ ተጫነው፤ አሁንስ አጥብቆ።

«ወግድ!» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ መዶሻውን አሳረፈበት። የገዛ እግሩ አጥንት ተንኮታኮተ፤ ደሙ በጫማው ስፌት ተንዠቀዠቀ።

መሬት ላይ ተዘርሮ ሲያጓራ፣ የግራ ጫማው ጫፍ ቀስ ብሎ ሰረጎደ።

«ይሄኛውስ፣ ልጄ?»