ጉርሻ ለሦስተኛው እትም

ዲጂታል ዓለም የሚያሳየውን መነጽር ማውለቅ ራቁት እንደመሄድ ነውር ከሆነ ወዲህ፣ ናሁሰናይና እናቱ አንድ ቤት እየኖሩ አይተያዩም። የመነጽራቸው ኩባንያ ይለያያል፤ አንዱ የሌላውን ደንበኛ አያሳይም። በድምፅ ብቻ ይነጋገራሉ።

ናሁሰናይ እናቱን ለማየት ሲል፣ የኩባንያዎቹን ዓለማት ሁሉ የሚያገናኝ፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚያሻሽለው ፕሮግራም ከጓደኞቹ ጋር ሊሠራ አቅዷል። ዛሬም ሳሎን ተቀምጦ በመነጽሩ ስብሰባ ላይ ነው።

«ፕሮግራሙ ውስጥ ጉርሻም ይካተት» አለ ትንሽ አፍሮ።

«አንተ ሆዳም! እሱ ለሦስተኛው እትም ይቆይ» አለው ጓደኛው ምንተስኖት።

ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ትልቅ የሽሮ ጉርሻ ገባበት። እናቱ መነጽሯን አውልቃ አጠገቡ ቆማለች።

«ልጄ፣ ጺም አውጥተሃል እንዴ?» አለችው።

«እማዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ ልንተያይ እኮ ነው» አላት፣ እያላመጠና መነጽሩን እያጠበቀ።