የፌርሚን ሕልሞች

ፌርሚንን ማክሰኞ ረፋድ ላይ ያዙት። ሁለት ፖሊሶች ባለሦስት እግር ታክሲውን ዳቦ ቤቱ በር ላይ አስቁመው ኪሱን ፈተሹት፤ እሱም ፒክአፓቸው ላይ ወጣ።

ወሬው ሲደርሳት ሚስቱ ኤልቪራ ልብስ እያሰጣች ነበር። የያዘችውን ሸሚዝ አሰጣችና እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ገባች። ሩዙ ደርሷል፣ ዓሣውም ተጠብሷል። ምሳውን ቋጥራ፣ ካናቴራና ብርድ ልብስ ያለበትን ከረጢት ከበሩ ኋላ አንስታ ወጣች።

ደጃፉን ጎረቤት ሞልቶታል። ያዘነ የሚመስል ብዙም የለም፤ ግማሹ ቁጥር እያወጣ ነው።

"የፖሊሶቹ ፒክአፕ ታርጋ መጨረሻው አሥራ ሁለት ነው፤ የፌርሚን ዕድሜ ሠላሳ አምስት። ይሄ ጥንድ ዛሬ ካልወጣ ምን አለ በሉኝ።"

"የት ልትቆርጠው? እትዬ ቢኒንግ እንደሆኑ እግራቸው አብጦ ከአልጋ አልወረዱም።"

እትዬ ቢኒንግ ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ የሁዌቴንግ ቁጥር የሰበሰቡ ባልቴት ናቸው። ሁዌቴንግ ሕግ የከለከለው ሎተሪ ነው፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ ሰባት ካሉት ቁጥሮች ሁለት ይቆረጣል፣ ዕጣው በቀን ሦስት ጊዜ ይወጣል። በዚያ ከተማ የማይቆርጥ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው ወይ ሞቷል፤ የሞተውም ቢሆን የሞተበት ቀን ይቆረጣል።

ፌርሚን ግን ከሁሉም ይብሳል። የሚቆርጠው ሕልም አይቶ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ኤልቪራን ቀስቅሶ፣ እባቡ የሄደው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ እያለ ያማክራታል። የሱ ሕልም አልሰምር ሲል የሷን ይጠይቃል። አላለምኩም ካለችው ደበቅሽኝ ብሎ ያኮርፋል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲነጋ ኖረ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እጁንም አንስቶባት አያውቅም፤ እሷ ግን ደክሟታል። ሕልም የማይነገርበት ጠዋት ናፍቋታል።

"የቲኖ ሥራ ነው" አለች ጎረቤቷ ሩፊና። ቲኖም ባለታክሲ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከፌርሚን ጋር በተራ ተጣልቶ 'አሳይሃለሁ' ብሎ ዝቶ ነበር። "ዛሬ ደግሞ ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲንጎራደድ አየሁት። ጠቁሞበት ካልሆነ ምን አስደሰተው?"

"ተይው እስቲ ሩፊና። ሰውዬውን አትንኩት።"

"አንቺ ደግሞ ደግነቱን አበዛሽው። ለነገሩ አዲሱ የፖሊስ አዛዥ የቱንም ያህል ቢያጠብቅ ለቆራጭ ወር ቢሆን ነው። አርፎ፣ ወፍሮ ይመጣልሻል።"

"እሱስ ነው" አለች ኤልቪራ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ጣቢያ ስትደርስ ፌርሚንን ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ምሳውንም ተቀበላት።

"እትዬ ቢኒንግ ናቸው ጉድ የሠሩኝ። መራመድ አቃተኝ፣ ዕጣው ሳይወጣ አድርስልኝ ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። አሮጊት እምቢ አይባል ነገር።"

"የምን ወረቀት?"

"የሰፈሩ ቁጥር ነዋ። በይ ስሚኝማ፣ የዚህ ክፍል ቁጥር ሰባት ነው። ከታርጋው ጋር ቁረጪልኝ።"

ሳቅም ዕንባም አብረው መጡባት። ዞር ብላ ወደ ሳጅን ካሊክስቶ ጠረጴዛ ሄደች። ሳጅኑ ጡረታው የተቃረበ፣ ሙቀቱ ያዛለው ሰው ነው።

"ሳጅን፣ ባሌ መቼ ይወጣል?"

"ኪሱ ውስጥ የሃያ ስድስት ሰው ቁጥር ነው የተገኘው፣ እህቴ። ሕጉ ወረቀቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የያዘው ሰው ሰብሳቢ ነው። ለሰብሳቢ ከስምንት ዓመት ይጀምራል።"

"እሱ እኮ ቆራጭ ነው እንጂ ሰብሳቢ አይደለም።"

"እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን። የጠቆመን ሰው ይቆርጣል ብቻ ነው ያለን።" ሳጅኑ ዓይኑን አሻሸ። "አሁንማ አዛዡም ወረቀቱን አይተውታል። ከእጄ ወጥቷል።"

ጠረጴዛውን ያዘች። ስምንት ዓመት። ከኋላዋ ፌርሚን ሩዝ እያላመጠ "ምን አለሽ?" ይላል።

"ሳጅን" አለች ኤልቪራ፣ ባሏ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ትናንት ስደውልልዎት ሠላሳ ቀን ነው ብለውኝ ነበር እኮ።"