ዲኑ ለጋሽ ሊያጠምድ የወጣ ዕለት

የሳይንስ ፋኩልቲው ዲን ባለፋብሪካው ቢሮ ከገባ ሦስት ሰዓት አልፎታል፤ ስለ ላቦራቶሪው ግን ገና ትንፍሽ አላለም።

ላቦራቶሪው ውስጥ የቀረው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ወረፋው ከመርዘሙ የተነሳ አንደኛ ዓመት ላይ የተሰለፈ ተማሪ ተራው የሚደርሰው ሊመረቅ ሲል ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ደግሞ ቁርጡን ነግሮታል፦

«ዲን ማለት ወንበር ማሞቅ አይደለም፤ ለጋሽ ማምጣት ነው። እስከ ዓርብ ካላመጣህ ላቦራቶሪው ይዘጋል።»

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ለዲኖቹ ሁሉ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል። «ዘላችሁ ገንዘብ እንዳትጠይቁ» ብሏል አሠልጣኙ። «መጀመሪያ ስለ ልጅነቱ አስወሩት። ቀጥሎ ስለሚወደው አስተማሪ። ከዚያ ስለ ኑሮው። ሆዱ ሲባባ ያኔ ጠይቁ።»

ዲኑ ይኼን እንደ ውዳሴ ሸምድዶ ነው የመጣው። ባለፋብሪካው ግን ፋታ አልሰጠውም።

«ጋሼ፣ ልጅነትዎ እንዴት ነበር?»

«የኔን ተዉት ዶክተር! የእርስዎን ያጫውቱኝ እንጂ።»

ዲኑ ቶሎ ልገላገል ብሎ ከእናቱ ማህፀን ጀምሮ አወራ። ሰውየው በየመሀሉ «ውይ! ውይ!» ይላል።

«እርስዎስ ጋሼ፣ የማይረሱት አስተማሪ...»

«እርስዎ ይቅደሙ፣ የኔ ጌታ።»

የዲኑ አንጀት አረረ። ይኼ ሰው ሆን ብሎ ነው! የገዛ አካሉን ጥላ እንኳ እንዳይሰረቅበት ቤት ቆልፎበት የሚወጣ ቋጣሪ መሆን አለበት። ቢሆንም ማስቀየም አይቻልም። ሩቅ ከተማ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲማር መነጽር ገዝተው ያስነበቡትን የኬሚስትሪ መምህሩን አነሳ። ሳያስበው ድምፁ ተሰበረ። ባለፋብሪካው መሐረብ አቀበለው።

«አይዞዎት። ያ ግቢ ሰው አድርጎዎታል ማለት ነው።»

«አዎ ጋሼ» አለ ዲኑ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ኑሮስ? ቤት ሠሩ? መኪና ገዙ?»

«ሠርቻለሁ፤ ገዝቻለሁም» አለ ዲኑ ጥርሱን ነክሶ። ይባስ ብሎ ያላግጥብኛል እንዴ? ሥልጠናውም ገደል ይግባ አለና ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ እኔ የመጣሁት...»

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! ገብቶኛል፤ በሆድዎ የቀረ ነገር የለም» አለ ባለፋብሪካው፤ መሳቢያውንም ስቦ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ። ዲኑ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ማይክሮስኮፖቹ በሰልፍ ሲገቡ ታዩት።

ባለፋብሪካው የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ ወደ ዲኑ ጠጋ አለ።

«እንግዲህ ዶክተር፣ እኔና እርስዎ የተማርንበት ዩኒቨርሲቲ የለጋሾች ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎኛል፤ ስንት ልመዝግብዎ?»