መጣሁ

«ጊዜዬ የት እንደሚገባ ልወቅ» ብሎ የሚናገረውን ጊዜ ቆጣሪ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያሰቀለው ይልቃል ራሱ ነበር። ቆጣሪው እያንዳንዱን ሰው የሚያምነው በገዛ ድምፁ ብቻ ነው። ስትወጣ ትነግረዋለህ፣ ስትገባ ትነግረዋለህ፤ ሲመሽ ቀንህን በምን እንዳሳለፍክ እሱ ይነግርሃል። ሌላ ሰው ላርምልህ ቢል አይሰማም።

አንድ ቅዳሜ ይልቃል ዳቦ ሊገዛ ብድግ አለና፣ ሁላችንም እንደምንለው፣ በሩ ላይ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ቆጣሪው ቤት ገባ ብሎ መዘገበው። ይልቃል አስፋልቱን ሲሻገር መኪና ገጨው።

ከአርባው በኋላ ልጁ ፌቨን እናቷን ልትጠይቅ መጣች። ራት እየበሉ ሳለ ቆጣሪው እንደ ልማዱ ተናገረ።

«ይልቃል ዛሬም ሙሉ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ዋለ። በርታ!»

ፌቨን ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እማዬ፣ ኧረ ይሄ ነገር ይነቀል! ነገ ሰው ልላክልሽ?»

ውድነሽ ለልጇ ወጥ ጨመረችላት።

«ተዪው» አለቻት። «አባትሽን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎት አያውቅም።»