«ሞት ሆይ፣ ወረፋህን ጠብቅ» የሚለው ካናቴራ

«ካናቴራውን አውልቂና ግቢ።»

ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም... የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ መንገዱን ብቻ ዘጋች።

የልጅ ልጄ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ከዩኒፎርሙ ሹራብ በላይ የደረበችው ነጭ ካናቴራ ደረቱ ላይ በትልቁ «ሞት ሆይ፣ ወረፋህን ጠብቅ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ለሳቂታችን» የሚል አለ።

ሳቂታ የክፍል ጓደኛቸው ናት። በካንሰር ታማ ከትምህርት ቀርታለች፤ ልጆቹ ከሰው ሰምተዋል።

ልጆቹ ካናቴራውን አሳትመው የሚሸጡት ለመድኃኒቷ ነው... ቃሉንም ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

ወላጅ በዚህ ቃል ለሁለት ተከፈለ።

አንዱ እየሳቀ ገዛ። ሌላው ሟርት ነው አለ። አንዲት እናትማ በልጄ ደረት ላይ ሞትን አላስጠራም ብላ ካናቴራውን መለሰች።

ምክትሏ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ከዩኒፎርም ሌላ አይለበስም አለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ሰብስባ ዕቃ ቤት ቆለፈችበት።

ድሮም ልጆቹ «ሜትር» ይሏታል፤ የቀሚስ ቁመት በዓይኗ ትለካለች እየተባለ። አሁን ግን ነገሩ ከፋ... የልጅ ልጄ የሴትዮዋን ፎቶ ለጥፋ «ልብ ያልተፈጠረላት» ብላ ጻፈችባት።

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከሥራ ትባረር የሚሉ ወላጆችም ተነሱ።

እኔ አሳዳጊ ነኝና ተጠራሁ።

መንገድ ላይ የምናገረውን ስመርጥና ስጥል ነበር የደረስኩት። ደንብ ደንብ ነው፣ ግን ልጆቹ ለታመመች ጓደኛቸው ብለው ነውና ለጥቂት ቀን እንዳላዩ ቢያልፏቸውስ፣ ብዬ ለመንኳት።

ወንበር ሳበችልኝ።

«አባቴ፣ እኔን ይስደቡኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ያንን ካናቴራ ለብሰው ልጅቷ ቤት እንዳይሄዱ ይከልክሉልኝ።»

ለምን አልኳት። «ብቻ ይከልክሉልኝ» ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለልጅ ልጄ ብነግራት ጭራሽ ባሰባት። ጭካኔዋን አየህ አባባ፣ በሽተኛ መጠየቅም በእሷ ፈቃድ ሊሆን ነው አለችኝ።

ቅዳሜ ካናቴራውን ለብሰው ሳቂታ ቤት ሊሄዱ፣ ቪዲዮም ሊቀርጹ ተቀጣጠሩ።

ብከለክላት ተደብቃ ትሄዳለች ብዬ አብሬያቸው ወጣሁ።

የሳቂታ ቤት ከትምህርት ቤቱ ራቅ ያለ ሕንፃ ላይ ነው። ደረጃውን እያለከለኩ ስጨርስ ልጆቹ በሩን አንኳኩተዋል።

ራሷ ከፈተች። ፀጉሯ አልቆ ጭንቅላቷ በሻሽ ተጠቅልሏል።

የደረታቸውን ጽሑፍ አየችና ከልቧ ሳቀች...

ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወደ እኛ ወጣች።

«ቶሎ ገልብጣችሁ ልበሱት። እናቴ እንዳታየው።»

የልጅ ልጄ ግራ ገባት። እናትሽ ምን እንዳመመሽ አታውቅም እንዴ አለቻት።

«ታውቃለች። እኔ እንደማውቅ ነው የማታውቀው።»

ደረጃው ላይ ሆና በሹክሹክታ ነገረችን።

እናትየዋ ልጄ የበሽታውን ስም ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች ብላ፣ ደም ማነስ ነው ብላት ኖሯል። ልጅቷ ደግሞ ቀድማ አውቃለች... እናቴ የቆመችው እኔ አላውቅም ብላ ነው፣ ይሄን ካየች ትወድቅብኛለች ብላ ያመነች መስላ ትኖራለች።

እናትየዋ የካናቴራውን ፎቶ ስልክ ላይ ስታይ ደንግጣ፣ ሳቂታ እየሰማቻት መሆኑን ሳታውቅ፣ ምክትሏ ጋ ደወለች። አስቁሚልኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስማለቻት።

«ለእኛ አትነግሪንም ነበር?» አለች የልጅ ልጄ፣ እንባዋ መጥቶ።

«ለእናንተማ ብነግር በማግሥቱ ካናቴራ ላይ ታትሙት ነበር።»

እዚያው ደረጃው ላይ እየሳቁም እያለቀሱም ገለበጡት። ከውስጥ እናትየዋ ብቅ አለች።

«ምነው ልጆቼ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አደረጋችሁት?»

ፋሽን ነው እማማ አላት አንዱ። ዘንድሮ የማይታይ ጉድ የለም ብላ እየሳቀች አስገባችን። ልጆቹ ጽሑፉ በጨርቁ አልፎ እንዳይነበብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ... ቪዲዮውንም ያስታወሰ የለም።

ሰኞ የልጅ ልጄ የለጠፈችውን አጥፍታ፣ ይቅርታ ጽፋ፣ ምክትሏ ቢሮ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ቲቸር፣ ስምዎ ሲጠፋ ለምን ዝም አሉ አለቻት።

«አደራ በላ ከምባል፣ ልብ የላትም ብባል ይሻለኛል።»

ዛሬ ልጅቷ አገግማለች። እናትና ልጅም ሁሉን ተነጋግረው፣ ማን ማንን እንዳታለለ እያነሱ ይሳሳቃሉ። እነሱ ባይፈቅዱልኝ አልጽፈውም ነበር።

ወገኖቼ... ደግነት መልካም ነው። ግን ለሰው ብለን የምናደርገውን ከማድረጋችን በፊት ሰውየውን እንጠይቀው።

ጨካኝ ያልነው ሰውም ዝም ያለው የሌላ ሰው ምሥጢር አፉን ይዞት ሊሆን ይችላል።

እናንተ በምክትሏ ቦታ ብትሆኑ ስድቡን ችላችሁ አደራውን ትጠብቁ ነበር... ወይስ ለልጆቹ እውነቱን ትነግሯቸው ነበር? እስኪ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።